እንጉዳይ ያወጣው ግንድና የሚበሰብሰው አጥር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የወደቁ የባሕር ዛፍ ግንዶች አሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እንጉዳይ ያወጣሉ። ጎረቤቶቻችን «ወደ አጥራችሁ ሳይዛመት አቃጥሉት» ይሉናል። እውነትም የአጥሩ ቋሚዎች ከመሬቱ ልክ ላይ እየበሰበሱ ይወድቃሉ። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ግንዶቹን አያቃጥሏቸው፤ አጥሩን እንዳይነኩ ብቻ ራቅ ያድርጓቸው። እንጨቱን የሚያበሰብሰውና እንጉዳዩን የሚያወጣው ፈንገስ ብናኙ በነፋስ ስለሚጓዝ ግንዶቹ ቢጠፉም ከሌላ ቦታ ይመጣል። ወሳኙ እርጥበት ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም፤ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን ፈንገሱ ይሠለጥንበታል። የቋሚው የላይኛው ክፍል ይደርቃል፣ በጥልቀት የተቀበረው ደግሞ አየር ያጥረዋል። ውሃና አየር አብረው የሚገኙት መሬቱ ልክ ላይ ስለሆነ የሚቆረጠውም እዚያው ነው።

አዲስ ቋሚ ሲያዘጋጁ ቅርፊቱን ልጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር በጋውን ያድርቁት። ከጉድጓዱ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ያንጥፉ። ሲሚንቶ የሚሞሉ ከሆነ ላዩን ከእንጨቱ ወደ ውጭ ያዘንብሉት፤ ጎድጎድ ካለ ውሃ ቋጥሮ ይባስ ያበሰብሰዋል። የተቃጠለ ዘይት መቀባቱን አንመክርም፦ ወደ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም፣ አፈሩንም ይበክላል። ጽድ ካገኙ መሃሉ ከባሕር ዛፍ የበለጠ ይቆያል፤ ዳር ዳሩ ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን የጽድም ቢሆን ይበሰብሳል።

ግንዶቹን ለምን እንተዋቸው? የደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። እሳት አብዛኛውን በአንድ ቀን ወደ አየር ይለቀዋል። ፈንገሱም ቢሆን አብዛኛውን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ መልቀቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ዓመታት ይፈጅበታል፣ የተወሰነውም አፈር ውስጥ ይቀራል። ምን ያህል እንደሚቀር በፈንገሱ ዓይነት ይለያያል። እንጨቱ ቡናማ ሆኖ በአራት ማዕዘን ከተሰነጣጠቀ የተበላው ሴሉሎሱ፣ ማለትም የእንጨቱ ጭረት የተሠራበት ነገር ነው፤ የተረፈው ሊግኒን፣ ማለትም ጭረቱን አያይዞ የሚያጠነክረው ነገር፣ አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ነጥቶ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ግን ሊግኒኑም ተበልቷል። በቆሙት ባሕር ዛፎች ሥር ከአፈሩ የሚወጣ እንጉዳይ ካዩ አይደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ጋር ተባብሮ የሚኖርና ዛፉን የሚመግብ ነው። ዓይነቱን በእርግጠኝነት ካላወቁ ግን የትኛውንም አይብሉ።

በደንብ ያልበሰበሰ ፍርፋሪ ከጎመን መደብ አፈር ጋር አይቀላቅሉ። እንጨት ናይትሮጅን በጣም ስለሚያንሰው ፈንገሱ ከአፈሩ ይሻማል፣ ጎመኑም ይገረጣል። መደቡ ላይ ከላይ ቢነሰንሱት ግን እርጥበት ይይዝልዎታል።