መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ለምን ባሰበት?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ የሥጋ ደዌ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ክንዱ ላይ የነበረው ነጣ ያለ ምልክት ቀልቶ አበጠ፤ ክርኑንም ያመዋል። እናቴ «መድኃኒቱ ነው የጎዳው፣ ይተወው» ትላለች። (እኅቱ፣ ከውጫሌ)

መልስ፦ ኧረ እንዳይተወው፣ እኅቴ! ይህ የራሱ የሰውነት መከላከያ ቁጣ ይመስላል። ባክቴሪያው ነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ቀርፋፋ ፍጥረት ነው፤ አንዴ ለመራባት እንኳ 2 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። መከላከያው ነቅቶ የሞተውንም ያልሞተውንም ሲያሳድድ ነርቩ አብሮ ያብጣል። እኔን በነርስነቴ የሚያስፈራኝ ቆዳው ሳይሆን ክርኑ ነው፤ እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ከተጎዳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ታጥፈው ይቀራሉ። ነገ ዛሬ ሳትሉ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውሰዱት። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የመከላከያውን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት በጊዜ ከታዘዘለት ነርቩ ሊተርፍ ይችላል፤ የደዌውም መድኃኒት አይቋረጥም። እናትሽ መተላለፉን ከፈሩ ደግሞ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው አያስተላልፍምና ከመሶቡ አትለዩት።