በጨዋታው ተርቡት፣ በዘሩ ግን አትንኩት

ልጆቼ ሰላም ናችሁ ወይ፣ ይሄን እምጽፈው እሁድ እሁድ ሜዳ ለምትወጡት፣ ከበሮ ለምትይዙት፣ ድምፃችሁ እስኪዘጋ ለምትጨፍሩት፣ ማታ ደሞ ዲኤስቲቪ ቤት አርሰናል ማንቼ እያላችሁ ለምትከራከሩት ነው። የስፖርት መምህር ነበርኩ፣ ከዛ ጎን ለጎን በሰሜን ሸዋ ሜዳዎች ላይ ፊሽካ ስነፋ ነው ጸጉሬ የሸበተው፣ ደብረ ብርሃን በሉት ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ የትምህርት ቤትም የወረዳም የክረምት ውድድርም ዳኝቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ብወጣም ሜዳ መሄድ አልተውኩም። እና ሜዳ ስሄድ እምሰማው ዘፈን እያስጨነቀኝ ስለመጣ ነው ቁጭ ብዬ እምጽፍላችሁ።

ጭፈራ የሌለበት ኳስ እኔም አልወድም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ወጣት ሆኜ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋም ሚስማር ተራም ተቀምጬ አይቻለሁ፣ እዛ የሚፈልቀው ግጥም ጨዋታው ባዶ ለባዶ ቢያልቅ እንኳ ሰውን እያሳቀ ነው ወደ ቤቱ እሚሸኘው። ዳኛ ሆኜም ሌባ ሌባ ተብያለሁ፣ ያልተባለ ዳኛ የለም። ግን ሌባ ሲሉኝ የሚሰድቡት የነፋሁትን ፊሽካ ነው፣ ፔናሊቲዋን ነው፣ ኦፍሳይዷን ነው፣ እኔም ሪፖርት እጽፋለሁ እነሱም ክስ ያስይዛሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለነሱ ሲፈረድ ደሞ ያጨበጭቡልኛል። መልስ ያለው ስድብ ነው። የሰውን የትውልድ ቦታ፣ ብሔሩን፣ የእናቱን ወገን ጠርቶ መዝፈን ግን መልስ የለውም፣ ልጁ ምን ብሎ ይመልስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዘር ሆኖ አይመጣ።

ይሄን ስናገር ሁሌ የሚመለስልኝ አንድ ነው፣ ጋሼ ቀልድ እኮ ነው፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይሉኛል። እሺ፣ እስቲ ስለ ገና እናውራ ምክንያቱም እኛ መንዝና ተጉለት ያደግን ሰዎች ገናን ከማንም ባላነሰ እናውቀዋለን። የገና ለት ተበልቶ ተጠጥቶ ሜዳ ይወጣል፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይከፈላል፣ ሩሯ ትወረወራለች፣ ከዛ በኋላ ባላባቱም እረኛውም እኩል ነው፣ እረኛው የጌታውን ቅልጥም በገና ዱላ ቢያገኘው ጌታው ዋጥ ያደርጋታል፣ ያሸነፈው ወገን ደሞ የተሸነፈውን በግጥም ያበሻቅጠዋል። ግን ግጥሙ ምን ላይ እንደሚያርፍ ልብ በሉ። ሰውየው ቆጥቋጣ ከሆነ ቆጥቋጣነቱ ላይ ነው፣ ቦርጫም ከሆነ ቦርጩ ላይ፣ ሩር ጠልዞ ከሳተ መሳቱ ላይ ነው፣ ተራቢውም ተተራቢውም ተዋውቀው ያደጉ ናቸው፣ የተተረበው እዛው ቆሞ በግጥም ይመልሳል፣ ካልቻለም ወንድሙ ይመልስለታል። ትልቁ ነገር ደሞ ይሄ ነው፣ አይቆጣም የተባለው ጌታው ነው! ዓመቱን ሙሉ ሲታዘዝ የኖረው ሰው ለአንድ ቀን ወደ ላይ እንዲናገር የተሰጠው ፈቃድ ነው እንጂ ብዙ ሆኖ የመጣ ሕዝብ ከሌላ ከተማ በሚኒባስ በመጣ አንድ ልጅ ላይ እንዲጮህበት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። እናንተ በሜዳችሁ ስትሆኑ ጌታው እናንተ ናችሁ፣ እሱ እንግዳ ነው።

ሌላው የሚባለው ደሞ የኛኑ ተጫዋች ለማወደስ ነው የዘፈንነው፣ ፍቅር ነው የሚል ነው። ማንቼ ለምትደግፉ የፓርክ ጂ ሱንግን ነገር ላስታውሳችሁ። ኮሪያዊው ፓርክ ከ2005 እስከ 2012 በፈረንጅ አቆጣጠር እዛ ተጫውቷል፣ ሳንባው የማያልቅ፣ ደጋፊው ከልቡ የሚወደው ልጅ ነበር፣ ግን ያወጡለት ዘፈን እናንተ ሀገር ውሻ ነው የምትበሉት የሚል ነው፣ በዛው ዘፈን የሊቨርፑልን ሰው ደሞ በድህነቱ ይሰድባሉ፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ሕዝብ ማለት ነው። ፓርክ ዝም አለ። ለዓመታት ዝም አለ። በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2013 ላይ የእንግሊዙ ዎልቭስ ሌላ ኮሪያዊ ልጅ ህዋንግ ሂ ቻንን አስፈርሞ ለደጋፊው ሲያስተዋውቅ የማንቼ ደጋፊዎች ያንኑ ዘፈን ጀመሩ፣ ልጁ ገና መድረሱ ነው እኮ! ከዛ በኋላ ነው ፓርክ በማንቼ ፖድካስት ላይ ቀርቦ በቃችሁ ያለው። መጀመሪያ ሲሰማው ለኔም ዘፈን ወጣልኝ ብሎ ኮርቶ እንደነበር፣ ቃሉ ባይመቸውም አዲስ ሀገር ስትሄድ መቀበል ያለብህ ነገር ነው ብሎ እንደቻለው፣ ከሱ በኋላ የመጡት ልጆች ያንን ሲሸከሙ ሲያይ ግን እንዳዘነ ነው የተናገረው። ክለቡም ደጋፊዎቹን አትዝፈኑት ብሎ ጠየቀ። እና ልጆቼ፣ የተዘፈነበት ሰው ዝም ስላለ፣ እንዲያውም ፈገግ ስላለ አልተጎዳም ማለት አይደለም፣ ቡድን ውስጥ ቦታውን ላለማጣት ሲል ስንት ነገር እንደሚውጥ እናንተ አታውቁትም፣ መልበሻ ክፍል ድረስ ስለምገባ እኔ አውቀዋለሁ።

የሰው ምግብ ላይ መዝፈን የኮሪያ ነገር ብቻ አይደለም፣ እኛም ጋ አለ። እገሌዎች እንዲህ ነው የሚበሉት፣ እገሌዎች ገንዘብ ይወዳሉ፣ እነ እገሌ ጠንቋይ ናቸው፣ እነ እገሌ ንፅህና አያውቁም፣ ምናምን። ማንን ምን እንደሚሉት እዚህ አልዘረዝርም፣ ታውቁታላችሁ፣ ብዘረዝረው እኔም አሰራጨሁት ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፣ ከናንተ መሀል ዩኒቨርሲቲ ሌላ ክልል ደርሶት የሄደ፣ ወይ አዲስ አበባ ሥራ የገባ ካለ፣ ሸዋ ነህ እንዴ? እናንተ እኮ ተንኮለኞች ናችሁ ተብሎ የማያውቅ አለ? መንዜ ነኝ ሲል ሰው በሆነ ዓይን አይቶት የማያውቅ አለ? ያኔ ምን ተሰማችሁ፣ እኔ እኮ ገና ስሜን እንኳ አልነገርኩህም አላላችሁም? ሜዳ ላይ ለዛ ልጅ የምታደርጉት ይሄንኑ ነው፣ ልዩነቱ እናንተ በሺህ ድምፅ ማድረጋችሁ ነው።

በአንድ ከተማ፣ ስሟን አልጠራም፣ የክረምት ውድድር ስዳኝ ያየሁት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ክንፍ ላይ ይጫወታል፣ ፈጣን ነው፣ ኳስ በግራ እግሩ ሲይዝ ያምርበታል። ከወንድሙ ጋር ተመሳሳይ ቡድን ውስጥ ናቸው፣ እዛ ስላደጉ ሜዳ ላይ ሲጠራሩ በኦሮምኛ ነው። ይሄን የሰማ የተቃራኒ ደጋፊ ዘፈን አወጣ፣ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነ ገምቱ። እዛ አማራ ነህ ተብሎ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ልጅ እዚህ ኦሮሞ ነህ ተብሎ ተዘፈነበት፣ ከእረፍት በፊት ቀይሩኝ ብሎ ወጣ። ያን ለት ጨዋታውን አስቁሜ የጨዋታውን ኮሚሽነር ጠርቻለሁ፣ ከጨዋታው በኋላ አንዳንድ ልጆች መጥተው ጋሼ የኛው ሰው መሆኑን ብናውቅ አንዘፍንም ነበር አሉኝ። ይሄ መልስ ነው ከዘፈኑ ይልቅ ያስደነገጠኝ። ልጁ ኦሮሞ ቢሆንስ ኖሮ ልክ ይሆን ነበር እንዴ? የሚያሳፍረው ነገር የተሳሳተ ሰው ላይ መዘፈኑ ነው እንዴ?

ጣሊያን ሀገር የሰሜኑ ደጋፊ ናፖሊ ሲመጣበት የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በእሳት ይጠባችሁ እያለ ይዘፍናል፣ ሕጋቸው የአካባቢ መድልዎ ብሎ ስም ሰጥቶ ይቀጣበታል ግን አልጠፋም፣ በዛ ተራራ ሥር ዛሬም ሰው ይኖራል። ይሄን ስሰማ እማስበው አጣዬን ነው። በ2013 ከተማዋ ስትነድ ያየን፣ እናትና ልጅ ደብረ ብርሃን ድረስ ፍራሽ ተሸክመው ሲመጡ የተቀበልን ሰዎች በሌላ ሰው ሀገር ላይ እሳት የሚጠራ ዘፈን አፋችን ላይ እንዴት ይመጣል? ዘፈን ብቻውን ቤት አያቃጥልም ትሉኝ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ግን ሰውን ከስሙ አውጥቶ እነዚህ ወደሚል ይከተዋል፣ ቀሪው ሥራ ከዛ በኋላ ቀላል ነው። በ2010 የአማራና የትግራይ ክለቦች በየሜዳቸው መገናኘት አቅቷቸው ጨዋታቸው ወደ ገለልተኛ ሜዳ ሲወሰድ አይተናል፣ ኳስ ነበር እኮ፣ ከዛ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ።

ለነገሩ እኛ የተሻለ ነገር የሠራን ሕዝብ ነን። በዚህ በኛ ገደልና በረሃ አርበኞቹ ከነ ራስ አበበ አረጋይ ጋር ጣሊያንን አምስት ዓመት ተዋግተዋል፣ አያቶቻችሁ ያወሯችኋል። ጣሊያን በ1933 ከወጣ ከ21 ዓመት በኋላ፣ ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፣ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎም በዛው ፍጻሜ ጎል አግብቷል። ስታዲየሙን የሞላው ሰው እኮ ቁስሉ ገና ያልሻረ ትውልድ ነው፣ ስም አንስቶ ደም ቆጥሮ ቢሰድብ ምክንያት አላጣም ነበር፣ ግን ዋንጫው ከንጉሡ እጅ ለሉቺያኖ ሲሰጥ ከሱ ጋር ተደሰተ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፣ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ የካፍ፣ ፕሬዚዳንት ሆነው ከ1972 እስከ 1987 በፈረንጅ አቆጣጠር መርተዋል፣ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭን ለይታ ካልሆነ አልጫወትም ስትል በር የዘጉባት፣ ፊፋ ውስጥም ሳይታክቱ የታገሏት እሳቸው ናቸው። ስለ አፍሪካ ኳስና ስለ ዘረኝነት ሲወራ የሀገራችን ስም በበጎ የሚነሳው በነዚህ ሰዎች ነው።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። ዳኛ ዘረኛ ዘፈን ከሰማ ሦስት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ ጨዋታውን አቁሞ በማይክ ማስጠንቀቂያ ያስነግራል፣ ካልቆመ ቡድኖቹን ለጊዜው መልበሻ ክፍል ያስገባል፣ ካልቆመ ጨዋታውን ያቋርጣል። ግንቦት 2016 ደሞ ፊፋ ባንኮክ ላይ ተጫዋች ሁለት እጁን አንጓው ላይ አጣምሮ ለዳኛው ምልክት እንዲሰጥ ወስኗል፣ ሜዳ ላይ ይሄን ካያችሁ ትርጉሙ ይሄ ነው። ቅጣቱ የሚያርፈው ክለባችሁ ላይ ነው፣ እናንተ ዘፍናችሁ እሱ ያለ ተመልካች ይጫወታል። ቪዲዮ ቀርፃችሁ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የምትለቁት ደሞ የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ በቪዲዮም በድምፅም የተሰራጨውን እንደሚመለከት እወቁ፣ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ አለው፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ደሞ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ነው። ላይክ ለማግኘት ብላችሁ ቤተሰባችሁን አታስለቅሱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምን ታደርጋላችሁ? ሜዳ መሀል ቆሜ ብዙ ዘፈን ሲወለድ አይቻለሁ። ሺህ ሰው በአንዴ አይጀምርም፣ አንድ ሰው ነው የሚጀምረው፣ አንድ ስንኝ ያወጣል፣ አጠገቡ ያሉት ሁለት ሦስት ልጆች ዞር ብለው ያዩታል፣ ይስቃሉ ወይ ዝም ይላሉ፣ ከዛ ከበሮው ይገባል። ከበሮው ከገባ አለቀ፣ ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ሥልጣኑ ያለው ከበሮ የያዘው ልጅና አስጨፋሪው ጋ ነው፣ እጅህን ከከበሮው ላይ ብቻ አንሳ፣ ዘፈኑ እዛው ይሞታል። አስጨፋሪ ከሆንክ ደሞ ሰውየውን ለመምከር አትሞክር፣ በዛ ጩኸት መሀል ምክር አይሰማም፣ እንዲያውም ጠብ ይሆናል፣ ወዲያው ሌላ ዘፈን አንሳ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ከፍ አድርገህ። ከበሮም ማይክም ያልያዝክ ተራ ደጋፊ ከሆንክ ቢያንስ አትሳቅ፣ ምክንያቱም ጀማሪው የሚጠብቀው ሳቅህን ነው።

ሌላ ዘፈን ለማንሳት ግን ሌላ ዘፈን መኖር አለበት። የስንፍና ጉዳይም አለበት ብዬ ነው እማምነው፣ ዘር ጠርቶ ለመስደብ ጭንቅላት አያስፈልግም፣ ጨዋታ አይቶ ለመተረብ ግን ኳስ ማወቅና ግጥም ማወቅ ይጠይቃል። በረኛቸው ጎል ሲገባበት ምን ችግር አለው እንዲህ ብትሉት፣

በረኛው በረኛው ምን ነካው እግሩን
ሰው ገብቶ ሲወጣ አይዘጋም በሩን

ተከላካዩ በድሪብል ሲታለፍ ደሞ፣

አምስት ቁጥር ሆዬ እንዴት ነህ ደህና ወይ
ኳሷ ካለፈችህ ቆየች አልሰማህም ወይ

በረኛው እራሱ ይስቃል፣ በሚቀጥለው ኳስ አድኖ ይመልስላችኋል፣ እናንተም ሌላ ስንኝ ትፈልጋላችሁ። የክረምቱ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ከየሰፈሩ አስጨፋሪዎች ተሰባሰቡና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግጥም ሥሩ፣ ለበረኛ፣ ለአጥቂ፣ ለአሠልጣኝ፣ ለዳኛም ጭምር፣ ትልልቅ ሰዎች ጋ ሄዳችሁ የድሮ የገና ግጥም አስነግሩ፣ መንዝና ተጉለት ገጠሩ ውስጥ የሚያውቁ አባቶች አሉ። የተፈናቀሉትን ልጆችም ጥሯቸው፣ እነሱም ከመጡበት ያመጡት ዜማ አለ፣ የኦሮምኛውንም ዜማ ተማሩት ያምራል። ቤት አልመታ ካላችሁ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው ያለሁት፣ ሰፈር ውስጥ ቲቸር ብላችሁ ጠይቁ ያሳዩዋችኋል፣ ከሰዓት በኋላ ሁሌ እቤት ነኝ።