ሎጎ፣ ፓስወርድና በግ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ደብዳቤዎቻችሁ ተከማችተዋል። አብዛኞቹ የመጡት ከጎጃም ትንንሽ ማኅበራት ነው። አራት አምስት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የኪራይ ክፍል። ጥያቄውም ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ሥራችንን እንዴት እናሳውቅ? ስለ ኮሚዩኒኬሽንና ስለ ኢኖቬሽን የሚሰጠው ስልጠናስ ይጠቅማል ወይ? እንደ አመጣጣቸው ሳይሆን እንዳመቸኝ፣ ያውም አሳጥሬ ነው የማቀርባቸው።

ከደብረ ማርቆስ፣ አረጋውያንን የሚደግፍ ማኅበር። ሎጏችን አርጅቷል። ዲዛይነሩ የጠየቀን ብር የሁለት ወር ኪራያችን ነው። እናሠራ?

አታሠሩ። በዚያ ብር ወደ ቢሯችሁ የሚመራ ታፔላ አቁሙ። ባለፈው ልጠይቃችሁ መጥቼ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ።

ከቡሬ አንዲት እህት። የማኅበራችንን የፌስቡክ ፔጅ የከፈተው በጎ ፈቃደኛ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ስልክ አያነሳም። ፔጁ ላይ አሁንም የካቻምናው የእንቁጣጣሽ ሰላምታ ነው ያለው።

እህቴ፣ ልጁ ስልክ የማያነሳው ክፉ ሆኖ አይደለም። ፓስወርዱን ረስቶት አፍሮ ነው፤ እወራረዳለሁ። በእናቱ በኩል ሂዱ። የእናት ስልክ ሳይነሣ አይቀርም።

ሲገኝ ግን ፓስወርድ አትጠይቁት። ፔጁ የተንጠለጠለው በግል አካውንቱ ላይ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለሁለት ሰው ሙሉ ሥልጣን ይስጥ፤ ለሊቀመንበሩና ለሒሳብ ያዧ። ከዚያ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ማኅተሙ በማን እጅ እንዳለ ትጽፉ የለ? ይኸም ማኅተም ነው። ልጁ ጨርሶ ካልተገኘ አዲስ ክፈቱ። ጥቂት መቶ ላይክ ለቅሶ አያስቀምጥም።

ከፍኖተ ሰላም አንድ ጋሼ። ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በአያቶቻቸው ቤት ሆነው እንዲማሩ የሚያግዝ ማኅበር ይመራሉ። በሦስት ዓመት አራት ስልጠና ወስደዋል፤ ሁለቱን ባሕር ዳር፣ አንዱን አዲስ አበባ፣ አንዱን በዙም። ሰርተፍኬቶቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ከተማው ግን አሁንም ከቀበሌ ጋር ያምታታናል ይላሉ። ጥፋቱ የእኛ ነው የስልጠናው?

ጋሼ፣ የሁለታችሁም ነው። እኔም አለሁበት። ለዓመታት እንዲህ ያለውን ስልጠና ስሰጥ ኖሬአለሁ። አካሄዱን ያውቁታል። ጠዋት ምዝገባ፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። ቀጥሎ ትውውቅ። እያንዳንዱ ከስልጠናው የሚጠብቀውን በቢጫ ወረቀት ይጽፍና ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ እስከ መጨረሻው ቀን ማንም አያነበውም። ከሻይ በኋላ ስላይድ። ስትራቴጂ፣ ታርጌት ኦዲየንስ፣ ኪ ሜሴጅ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የሰው ሁሉ ዓይን በር በሩን ነው። የአበል መፈረሚያው መጥቷል።

ከነዚህ ስልጠናዎች በአንዱ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ። ጄነሬተሩ ነዳጅ የለውም ተባለ። የምለው ሲጠፋኝ፣ "እስቲ ማኅበራችሁ ምን እንደሚሠራ ለገበያ ሰው እንደምትነግሩት አድርጋችሁ ንገሩኝ" አልኩ። የመጀመሪያው ተነሣ። "የማኅበረሰቡን የኑሮ አቅም በተቀናጀና ዘላቂነት ባለው መልኩ በማጎልበት..." ሁለተኛውም ያው፤ "ተጠቃሚዎች" የምትል ቃል ጨመረባት እንጂ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን መለስ አድርገው፣ "ባል የሞተባት ሴት በሬ የሚጠምድላት የለም። ጎረቤት በደቦ ያርስላታል፤ ዘሩን እኛ እንሰጣለን" አሉ። ተቀመጡ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የእኔ የሁለት ቀን ስላይድ እዚያች ላይ አለቀ። የዚያን ቀን የተማርኩት እኔ ነኝ፤ አበሉንም ግን ወስጃለሁ።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው እያልን እንኮራለን። የቅኔ ትምህርት ቤቶቻችንን ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ብለን እንዘረዝራለን። የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚማር ግን ረስተናል። የሚጀምረው በአጭሩ ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ብቻ። ይቆጥራል (ቅኔውን ያዘጋጃል ማለት ነው)፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ይነቅፉታል፣ ተመልሶ ይቆጥራል። ነገም እንደዚያው። ሁለቱ ቤት ሳይቃናለት ወደ ረጅሙ አይሻገርም። እኛ በመጀመሪያው ቀን የአምስት ዓመት ስትራቴጂ ያስጽፉናል። የሚነቅፈን የለም። በአራተኛው ቀን አሠልጣኙ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ገብቶ ዓባይ በረሃን እየተሻገረ ነው።

ስለዚህ ለአምስተኛው ሲጠሩ እርስዎ አይሂዱ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ሊቀመንበር የወሰደው ስልጠና ፋይል ውስጥ ነው የሚቀረው። ከአያቶቹ ጋር ውላ የምትገባውን፣ ስልኩን የምታነሣውን ልጅ ይላኩ። እሷም ባዶ እጇን አትሂድ። የጀመረችውን አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ለትምህርት ቤቱ ወላጆች ስብሰባ የሚነበብ ነገር ይዛ ትሂድና አሠልጣኙን "ይቺን አብረን እናቃና" ትበለው። ከስላይዱ ውጭ የሚያውቀው ነገር ካለ ያን ጊዜ ይታያል። ስትመለስ በየሳምንቱ ሁለት መሥመር ትጻፍ። በገበያ ቀን ለማታውቀው ሰው ትንገረው። "ምን ገባዎት?" ብላ ትጠይቅ። ያልገባው ይሰረዝና እንደገና ይጻፍ። ሁለት ወር እንዲህ ብትሠራ አራቱ ሰርተፍኬት ያላደረገውን ታደርጋለች። ሁለቱ ወር አበል የለውም፤ ማንም የማይሠራው ለዚህ ነው።

ስለ ፌስቡክና ቴሌግራም ብቻ አውርቶ የሚያልቅ ስልጠና ደግሞ ይቅርብዎ። በ2015 ክረምት አማራ ክልል ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ በቴሌግራም ብቻ ይናገሩ የነበሩ ማኅበራት ድምፃቸው አብሮ ጠፋ። እድር ግን ጡሩምባውን እየነፋ ቀብሩን ሲያስነግር ከረመ። እናንተን ከቀበሌ ጋር የሚያምታታው ሰው ወሬ የሚሰማው በእድር፣ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረት ላይ፣ መስጊድ ደጅ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አይቀየሙኝ። ደብዳቤዎ የሚጀምረው "ጉዳዩ፦ ጥያቄ ስለማቅረብ" ብሎ ነው። ታች ክብ ማኅተም አለበት። ጋሼ፣ እኔም ከቀበሌ የመጣ መስሎኝ ነበር።

ከደጀን። በአማርኛ የላክነው ሪፖርት አዲስ አበባ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቁ የወጣ ነገር ይሆናል። ቫይረስ ነው?

የድሮ ፎንት ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር አይነበብም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ፎንት ኒያላን ምረጡ። ለጥንቃቄ ፒዲኤፍም አያይዙ።

ከቢቸና ሁለት ወጣቶች። የለጋሹ ቅጽ "ኢኖቬሽናችሁን በ500 ቃል ግለጹ" ይላል። እኛ ለአቅመ ደካማ ቤተሰብ በግ እንሰጣለን፤ ስትወልድ ግልገሏ ለሌላ ቤተሰብ ይተላለፋል። ኢኖቬሽን የለንም። አፕ እናሠራ?

በጓ አፕ አታወርድም።

ኢኖቬሽን ሲባል ሰው ሁሉ ስክሪን ይታየዋል። በ2006 የተጀመረውን የገበሬዎች መስመር 8028ን አስታውሱ። ገበሬው ባለው ተራ ስልክ ይደውላል፤ ስለ አዘራሩ፣ ስለ ማዳበሪያው በገዛ ቋንቋው የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ማንበብ አያስፈልገውም፤ ስማርት ስልክም አያስፈልገውም። ብልሃቱ ከገበሬው ኪስ መነሣቱ ላይ ነው። ከሠሪው ላፕቶፕ ቢነሣ ኖሮ እሱም አፕ ይሆን ነበር።

እናንተም ጋ ብልሃት አለ። ግልገል ሲተላለፍ ጠብ አይጠፋም። "ሞተችብኝ" የሚል ይመጣል። ይህን እንዴት እንደፈታችሁት ደብዳቤያችሁ መጨረሻ ላይ በአንድ መሥመር ጣል አድርጋችሁት አልፋችኋል፦ ተቀባዩ ቤተሰብ የሚታወቀው በጓ ሳትወልድ ነው፤ ርክክቡም ቡና ተፈልቶ ሽማግሌ ባለበት ይደረጋል። ተቀባዩ አስቀድሞ ስለሚያውቅ በየሳምንቱ እየሄደ በጓን ያያታል፤ ስትታመምም ይሰማል። 500 ቃሉ ይኸው ነው። "ኢኖቬሽን የለንም" ያላችሁትን ዓረፍተ ነገር አጥፉና ከዚህ ጀምሩ።

ከአዴት። ለጋሹ "ልብ የሚነካ" የልጆች ፎቶና ታሪክ ላኩ ይለናል። ስማቸውንና ሕመማቸውን ጭምር። ብንልክ ችግር አለው?

አለው። ይኸን በቀልድ አላልፈውም። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። የሰው የጤና ሁኔታ እንደ ልብ የሚሰጥ መረጃ አይደለም፤ ለልጅ ሲሆን ደግሞ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠየቃል። እርዳታ እየጠበቀ ጣቱን በቀለም ነክሮ የፈረመ አሳዳጊ "እሺ" ያለው ፈቅዶ ነው ፈርቶ? እሱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ሕጉን ተዉትና አዴትን አስቡ። ፎቶው እዚያ ማዶ የሚታየው ለአንድ ደቂቃ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግን ልጁ "የእርዳታው ልጅ" ተብሎ ይኖራል። ደብተር የያዘ እጅ አንሡ። ከኋላ አንሡ። አያትየውን ጠይቃችሁ፣ ፎቶውን አሳይታችሁ፣ "ይቅርብኝ" ካሉ ሰርዙ።

የሕግ ባለሙያ ሳታነጋግሩ አንድም ፎቶ እንዳትልኩ። ባሕር ዳር ቅርባችሁ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለጋሹ የላከላችሁን ቅጽ ይዛችሁ ሂዱ። ነገ ሳይሆን በዚህ ሳምንት።

ከሞጣ። የኮሚዩኒኬሽን ስልጠና ወጪ አስተዳደራዊ ነው የፕሮግራም?

መጀመሪያ ምዝገባችሁ ፌዴራል ይሁን ክልል ሰርተፍኬታችሁን እዩ። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ማስታወቂያና ኢንተርኔት እዚያ ውስጥ ተቆጥረዋል። ስልጠናው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ክልል ከሆናችሁ የክልሉን ሕግ ጠይቁ። የቀረውን ኦዲተራችሁ ይንገራችሁ፤ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ስማቸውን ያልጻፉ። ሪፖርታችንን ቻትጂፒቲ ቢጽፍልንስ?

ይጻፍ። ግን ስንት በግ እንደሞተ እሱ አያውቅም። አንድ ማኅበር አንብቡልን ብሎ የላከልኝ ሪፖርት ላይ "የባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች" አግኝቻለሁ። ማኅበሩ ያለው ጮቄ ተራራ ሥር ነው።

እንደገና ከደብረ ማርቆስ፣ ሎጎ የጠየቁት። እሺ፣ ሎጎውን ተውነው። ለዓመታዊ በዓላችን ባነርስ?

ባነር ይሁን። ዓመተ ምህረት አታስጽፉበት፤ ለከርሞም ያገለግላል።