የኮሚቴው ክፍያ፣ በረንዳውና ሮቶው፦ ለአዲሷ የኮንዶሚኒየም ጎረቤታችን

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አግኝተሽ ልትገቢ ነው። የብሎኩ ባለቤቶች ማህበር ኮሚቴ ለጋራ ወጪ በየወሩ ክፈይ ብሎሻል። ግዴታ ነው ወይ? በረንዳውን ዘግቼ ሮቶ (የፕላስቲክ የውሃ ታንከር) ባስቀምጥስ? ነው ጥያቄሽ። እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊም ነበርኩ። የከፋዩንም የሰብሳቢውንም ጣጣ አውቀዋለሁ።

ክፍያው ላይ አትከራከሪ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነገሩን ለይቶታል። ቤትሽ የግልሽ ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የሁላችሁም ነው። የጋራውን የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማህበር ነው፣ ወጪውም በባለቤቶቹ ላይ ይወድቃል። «መኪና የለኝም፣ ለጥበቃ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ሰው በየብሎኩ አይጠፋም። ሕንፃችሁ ጂ ፕላስ ፎር (ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ) ከሆነ ደግሞ አንቺ ጣሪያው ሥር ነሽ። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲያፈስ መጀመሪያ የሚረጥበው የአንቺ ኮርኒስ ነው። ያን ቀን ማህበሩ ካዝናው ባዶ ከሆነ ምድር ቤት ያለው ሰው ብር እንዲያዋጣ በር በር ማንኳኳት ያንቺ ሥራ ይሆናል።

ዝም ብለሽ ክፈይ ግን አልልሽም። ደረሰኝ ተቀበይ። ሒሳቡ በማህበሩ ስም የተከፈተና ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ጠይቂ። በአንድ ሰው የግል ሒሳብ የሚገባ ብር፣ ሰውየው መልአክ ቢሆን እንኳ መጨረሻው ሐሜት ነው። ስብሰባም አትቅሪ። እኛ ጋ ስብሰባ ሲጠራ ሁሉም ሥራ ይበዛበታል፣ ማታ ደረጃ ላይ ግን ኮሚቴውን የሚያማ ሞልቷል።

በረንዳውን መዝጋት። ብዙ ሰው ዘግቷል፣ አይተሽ ይሆናል። ሰው ስላደረገው ግን ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የሕንፃው ውጭ የጋራ ስለሆነ መጀመሪያ ኮሚቴውን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ግድግዳ የሚነካ ነገር ካለ ወረዳም ሂጂ። እኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤት በአሉሚኒየምና በመስታወት አሳምሮ ዘጋው። ሠራተኛው ከታች ያለችውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈናት። ሐምሌ ሲገባ በመስታወቱ ጠርዝ የገባው ዝናብ መውጫ አጥቶ ወለሉ ላይ ተኛ። ከዚያ ሰርጎ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት ሳሎን ኮርኒስ ላይ ትልቅ ቡናማ ክብ ሠራ። ለቀለሙም ለሽማግሌውም የከፈለው እሱ ነው።

ሮቶውን ግን በረንዳ ላይ እንዳታስቀምጪ አጥብቄ እልሻለሁ። ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1000 ኪሎ ነው። ያንን ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ የተሠራ በረንዳ ላይ ጭነሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል? አራተኛ ፎቅ ውሃ በፈረቃ እንኳ አልወጣ ሲል እንደሚያስመርር አውቃለሁ። የሚያዋጣው መሬት ላይ የጋራ ታንከርና ፓምፕ መትከል ነው፣ ለዚያም ነው ማህበሩ ብር የሚፈልገው። እስከዚያ ቤት ውስጥ በበርሜልና በጀሪካን አጠራቅሚ። ፓምፕ ገዝተሽ ከመስመሩ በቀጥታ እንዳትስቢ፣ የጎረቤትን ውሃ መንጠቅ ነው፣ ጠቡም አይቀርልሽም።

ስለ ፍሳሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ጠብ የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። ሁላችሁም ከላይ የምትለቁት በአንድ ቋሚ ቱቦ ነው የሚወርደው። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የመጥበሻ ዘይት ከተጣለበት ይዘጋል። ሲዘጋ ደግሞ አንቺ ጋ አይታይም፣ ምድር ቤት ያሉት ሰዎች ሻወር ወለል ላይ ነው የሚፈላው። ጠዋት ተነስተው መታጠቢያቸው ውስጥ የማን እንደሆነ የማያውቁትን ቆሻሻ ሲያገኙ ምን እንደሚሉ ገምቺ። ቋሚው ቱቦ የጋራ ነው፣ በጋራ ይጠገናል። ከአንቺ መታጠቢያ ወለል ሥር ያለው የራስሽ ቧንቧ አፍስሶ ከታች ያለውን ቤት ካበላሸ ግን ወጪው የአንቺ ነው። ስለዚህ ሴራሚክ ከማስነጠፍሽ በፊት ቧንቧውን በታመነ ባለሙያ አስፈትሺ።

የውስጥ ክፍልፋዩ አግሮስቶን (ቀለል ያለ የግድግዳ ሰሌዳ) ከሆነ ከባድ የኩሽና ቁምሳጥን በተራ ምስማር አትስቀይበት፣ አይዝም። ሕንፃውን የተሸከሙትን ኮለንና ቢም (ምሰሶና አግዳሚ) ደግሞ ማንም «ትንሽ ብቻ ነው» ቢልሽ እንዳታስነኪ።

እንጀራ ቤትሽ የምትጋግሪ ከሆነ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ከምድጃና ከውሃ ማሞቂያ ጋር አብረሽ ካበራሽው ብሬከሩ ይወርዳል። ለበዓል በግ ማረድ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ብዙ ሰው መቀበል ሲመጣ ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ሕንፃው) አለ። ቀኑን አስቀድመሽ አስይዢ፣ በፋሲካ ዋዜማ ወረፋው ሌላ ነው። በርበሬና ቡናም ወለል ላይ በሙቀጫ አትውቀጪ፣ ከታች ያለው ሰው ራሱ ላይ የሚወቀጥ ነው የሚመስለው።

ምናልባት ልታከራዪው ካሰብሽ በአዋጅ 1320/2016 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሆንም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለብሽ። የጥበቃና የጽዳቱን ብር ማን እንደሚከፍል እዚያው ውሉ ላይ አስጽፊ፣ ካልተጻፈ ኮሚቴው አንቺን ነው የሚፈልገው።

ስልክሽ ላይ 905ን ለመብራት፣ 906ን ለውሃና ፍሳሽ፣ 939ን ለእሳት አደጋ መዝግቢ። በመጀመሪያው ሳምንትሽ ደግሞ የብሎኩ ዋና የውሃ መዝጊያ የት እንዳለና ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር ጥበቃውን ጠይቂው። ሌሊት ቱቦ ከፈነዳ ኮሚቴው ስልክ አያነሳም።