የሞተሩ ድምፅ እያለ የማይወጣ አንቴና

ጥያቄ፦ በአዳማ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። የመኪናዬን ሬዲዮ ስከፍት የአንቴናው ሞተር ሲዞር ይሰማኛል፤ አንቴናው ግን ግማሽ ላይ ቆሟል። ሙሉውን ልለውጠው?

መልስ፦ ሞተሩ የሚዞር ከሆነ አይቸኩሉ። ዘንጉን የሚገፋውና የሚስበው ጥርስ ያለው የናይሎን ገመድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰውም እርሱ ስለሆነ፣ ለመኪናዎ ሞዴል የተሠራ ዘንግ ከነገመዱ ገዝቶ መተካት ይበቃል። ሬዲዮው እንደተዘጋ ከላይ ያለውን ዳዶ ይፍቱ፤ ከዚያም ሌላ ሰው ሬዲዮውን ሲከፍት ሞተሩ ገመዱን ወደ ውጭ ስለሚገፋው፣ እርስዎ ዘንጉን ይዘው በቀስታ ያውጡት። የወጣውን ገመድ ከአዲሱ ጋር ሳያስተያዩ ግን አይቀጥሉ፤ አጥሮ ከተገኘ ስባሪው ውስጥ ቀርቷልና፣ ሞተሩን አውርዶ ማጽዳት የግድ ነው፤ ይህ ከታለፈ አዲሱም ሊበላሽ ይችላል። አዲሱን ገመድ የጥርሱን አቅጣጫ እንደ አሮጌው አድርገው ያስገቡት፤ ሬዲዮው ሲዘጋ ሞተሩ ራሱ ይስበዋል፣ ከዚያ ዳዶውን ያጥብቁ።

የሞተሩ ድምፅ ጨርሶ ባይሰማ ኖሮ፣ በቅድሚያ የሚታዩት ፊውዙና ከሬዲዮው ወደ አንቴናው 12 ቮልት የሚያደርሰው ሽቦ ነበሩ።

በአዳማ ነፋስና አቧራ ዘንጉን ቶሎ ቶሎ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይገባል፤ ግራሶ ግን አቧራ ስለሚይዝ አይቀቡት።