ሽሪምፕሽ በሕይወት ካለ ውሃውን አትውቀሺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኔን ታሪክ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ከዓመት በላይ ደህና የነበረ የባሕር ውሃ ታንክ፤ አዲስ ታንግ የሚባል ዓሣ በገባ በሳምንቱ ዓሦቹ ተራ በተራ አለቁ፤ አንዲት ክላውን፣ ኒሞ የሚሏት ዓሣ፣ ብቻ ቀረች። አሞኒያው ዜሮ፣ ጨውነቱ 1.025፣ ገላቸው ላይ የበሽታ ምልክት የሆነው ነጭ ነጠብጣብ የለም። «ምን ገደላቸው? አዲስ መቼ ላስገባ?» ነው ያልሽው። ግማሹ ሰው ውሃ ቀይሪ ብሎሻል፣ ግማሹ የጅማ መብራት መቆራረጥ ነው ብሏል፣ አንዱማ ዓይን ነው አለሽ። እኔንም እናቴ እንደዚያው ነበር ያለችኝ፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ኒሞን ለማየት ሲመላለስ ይውል ነበርና።

1. መጀመሪያ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣሽን እዪ። ይሄን ማንም አልጠየቀሽም። ቤት ውስጥ የወባ ትንኝ ወይም የበረሮ መድኃኒት ተረጭቶ ታንኩን ነክቶት ከሆነ ሽሪምፑ ከዓሦቹ አይተርፍም፤ ለነፍሳት የተሠራ መርዝ እሱንም አይምረውም። ከቆርቆሮ ጣራ የዝናብ ውሃ እየቀዳሽ ዚንክ ገብቶም ቢሆን ያው ነው። ዓሦቹ አልቀው ሽሪምፑ ድንጋዩ ላይ እየተንጎራደደ ከሆነ ግን፣ ገዳዩ ዓሣን ለይቶ የሚያጠቃ ነገር ነው።

የመብራቱ ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። ጨዋማና ሞቃት ውሃ ደግሞ ድሮም የሚይዘው ትንሽ ነው። ጅቡቲ ላይ ፓምፕ ቆሞ የሚታገስ ታንክ እዚህ ያን ያህል አይታገስም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዢ፣ ይሄ አያከራክርም። ኦክስጅን ሲያጥር ግን ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ በአንድ ሌሊት ነው የሚሄዱት። ያንቺዎቹ በየተራ ነው የሄዱት።

2. ስለዚህ ሽሪምፑ ካለ የምጠረጥረው ቬልቬትን ነው፤ አሚሉዲኒየም የሚሉት ጥገኛ ተውሳክ የሚያመጣው የዓሣ በሽታ። መጀመሪያ የሚለጠፈው ስንጥባቸው ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ቆዳቸው ላይ ምንም ሳታዪ ያለቁት። ምግብ እምቢ ማለት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ከብርሃን መሸሽ፣ ፓምፑ ፊት ቆሞ የውሃውን ግፊት መቀበል፤ እነዚህን አይተሽ ከነበረ ጨርሰናል። ጥገኛው ሲጠግብ ከዓሣው ይወድቅና ይከፋፈላል፣ ከአንዱ እስከ 256 የሚደርሱ እየዋኙ ዓሣ የሚፈልጉ ይወጣሉ። ቴስት ኪት ይሄን አይለካም።

ዝም ብዬ እየገመትኩ አይደለም። ላብራቶሪ የሚሠራ የአክስት ልጅ አለኝ፤ ወባና ሰገራ ሲያይ የሚውል። ወዲያው ከሞተ ዓሣ ስንጥብ ቆርጬ፣ ከራሱ ከታንኩ ውሃ ጋር በብልቃጥ ይዤለት ሄድኩ። ሲያየኝ ሳቀ። ማይክሮስኮፑን ካስተካከለ በኋላ ግን ሳቁን ተወው። ጥቁር ቡናማ፣ እንደ እንባ ጠብታ ሾል ያሉ፣ የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ስንጥቡን ሞልተውታል። የነጭ ነጠብጣብ በሽታው ጥገኛ ቢሆን ሲሽከረከር ይታይ ነበር። እንዲህ ያለ ዘመድ ካለሽ ዓሣው እንደሞተ ወዲያው ውሰጂ፤ ካደረ ዋጋ የለውም።

ከየት መጣ? ከሻጩ ነዋ! አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ነው ታንጉን የገዛሁት፤ ወይን ጠጅ ገላ፣ ቢጫ ጭራ፣ የቀይ ባሕር ዓሣ። «ለይቶ ማቆያ ጨርሷል፣ የመዳብ መድኃኒት ባለበት ውሃ ውስጥ ነው የከረመው» ብሎ ማለልኝ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አቅፌው መጣሁ። ሁሉም ካለቁ በኋላ ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የጅማ ውሃ አልተስማማውም።» አጣርቼ፣ ጨዉን መዝኜ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ የጅማ ውሃ የት አገኘውና! በኋላ ሱቁ ስሄድ አስተውዬ አየሁ፤ ታንኮቹ በሙሉ በአንድ ቧንቧ የተያያዙ ናቸው፣ ከመካከላቸው በአንዱ ሽሪምፕና ኮራል ይሸጣል። ዓሣን የሚያክም መዳብ ባለበት ውሃ ውስጥ ሽሪምፕ አይኖርም። እንግዲህ መዳቡ የቱ ጋ ነበር? አንቺም «ለይቼ አቆይቻለሁ» የሚልሽ ሻጭ ስታገኚ ቧንቧውን በዓይንሽ ተከተይ።

3. ለይቶ ማቆያው ራስሽ ቤት ይሁን። ጌጥ አያስፈልገውም፤ 60 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ስፖንጅ ፊልተር፣ ማሞቂያ፣ መደበቂያ የሚሆን የቧንቧ ቁራጭ። አሸዋና ድንጋይ አይግባበት፣ መዳቡን ይመጡታል። መረቡም ባልዲውም ለብቻው ይሁን፤ ከዋናው ታንክም አርቂው፣ የቬልቬት ዘር በአየር በሚበተን የውሃ ፍንጣቂ እስከ 3 ሜትር ሊሄድ ይችላል።

መድኃኒቱ ላይ ነው የተንገላታሁት። ክሎሮኪን ለቬልቬት እንደሚሠራ አንብቤ፣ ወባ ባለበት አገር ይሄ አይጠፋም ብዬ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። «ታማሚው ዕድሜው ስንት ነው?» አለችኝ። ዓሣ ነው አልኳት። «ዓሣንም ወባ ያዘው ደግሞ?» ስትል ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ያለ ማዘዣ አልሰጥም ማለቷ ሥራዋ ነው፤ መሳቂያ ማድረጓ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ለነገሩ ለሰው የሚሠራው ኪኒን ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ስለሆነ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የቀረውን መጠን ቤት ውስጥ መለካትም አይቻልም። አትድከሚ። መዳቡን ከነመለኪያው ከዱባይ የሚመጣ ሰው ያምጣልሽ። የታንክ ጨው አብሮ ከያዘ ደረሰኙን እንዳይጥል፤ የኔን ሻንጣ የፈተሸው ሰውዬ «ጨው ከአገራችን ጠፍቶ ነው?» እያለ አቁሞኛል።

ኬሌትድ የሚባለው መዳብ ከሆነ በሊትር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊግራም አድርሰሽ ለ30 ቀን ያዢው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም አንብቢ፣ መዳብ ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ቀን ቢወርድ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። አሞኒያ ማጥፊያ ኬሚካል አብረሽ አትጨምሪ፣ አንዳንዱ መዳቡን መርዝ ያደርገዋል። ዋናው ታንክ ውስጥ ደግሞ መዳብ በፍጹም!

የቀረችሽ ክላውንም ወደ ለይቶ ማቆያው ትግባ። ጤነኛ መስላ ብትታይም እሷ እዚያ እስካለች ጥገኛው የሚበላው አያጣም። ዋናው ታንክ ያለ ዓሣ ይቆይ፤ ለቬልቬት ስድስት ሳምንት ይበቃል ይባላል፣ ነጭ ነጠብጣቡም አብሮ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ግን እኔ 76 ቀን ነው የምልሽ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፦ ታንኩ ባዶ ነው ብሎ ለመብራት ቁጠባ ማሞቂያውን ይነቅላል። በጅማ ብርድ የጥገኛው ዑደት ይጓተታል፣ 76 ቀኑም አይበቃም። ከ26 እስከ 27 ዲግሪ ላይ ይቆይ፣ ለሽሪምፑ ምግብ እየጣልሽ።

አሁን ሽሪምፑ አለ ወይስ የለም? መጀመሪያ እሱን መልሺልኝ። ትርፍ ማሞቂያና ስፖንጅ ፊልተር አለኝ፤ ሄርማታ ሰፈር በኩል ብቅ ካልሽ አውስሻለሁ። የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ጠይቂኝ።