በኦኪቾቢ ሐይቅ ትልቅ ባስ ማጥመድ፦ ጥያቄና መልስ

በፍሎሪዳ የሚገኘው የኦኪቾቢ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 730 ስኩዌር ማይል ይደርሳል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 9 ጫማ ገደማ ነው። የምዕራቡ ዳርቻ በፊላ፣ በቡልረሽ፣ በሃይድሪላና በልዩ ልዩ የውሃ ሣር የተሸፈነ ነው። ከ8 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ባስ (ሥጋ በል የሐይቅና የወንዝ ዓሣ) ለመያዝ ወደዚያ የምትሄዱ ወገኖች ከላካችኋቸው ጥያቄዎች መካከል የሚከተሉት ተመልሰዋል።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ሐይቁ ዳር እስከ ዳር ሣር ነው። ከየት ነው የሚጀመረው?

ሣር ባለበት ሁሉ ዓሣ አለ ማለት አይደለም። የሚፈለገው ጥርት ያለ ውሃ፣ ጠንካራ መሬትና ሁለት ዓይነት ሣር የሚገናኙበት ጠርዝ፣ ሦስቱም በአንድ ቦታ ሲገኙ ነው። ቡልረሽ ብዙ ጊዜ አሸዋማ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ፊላ ደግሞ ጭቃ ይወዳል። ስለዚህ ከፊላው ፊት ለፊት ለብቻው የቆመ የቡልረሽ ቁጥቋጦ ካያችሁ ሳትሞክሩት አትለፉ። መሬቱን ለማወቅ ረጅም እንጨት ወደ ታች ስደዱ፦ ጠጠር ያለ ነገር ከመታ አሸዋ ወይም ዛጎል ነው፤ ሰምጦ ለመውጣት ካስቸገረ ጭቃ ነውና ቦታ ቀይሩ።

ጥልቀት ስለሌለው ትንሽ ጠንከር ያለ ነፋስ ሐይቁን ያደፈርሰዋል። ያኔ ወደ ሣሩ ውስጠኛ ክፍል ግቡ። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ማዕበሉን ስለሚሰብረውና ደለሉን ስለሚያስቀረው፣ ከውጭ ቡና የመሰለው ውሃ ከ50 ሜትር በኋላ ታችኛው መሬት የሚታይበት ሊሆን ይችላል። ፖላራይዝድ (የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር ሳትይዙ አትሂዱ።

ጥያቄ (ከታምፓ)፦ የትኛው ወር ይሻላል?

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ። ትልልቆቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ ከ16 ኢንች እምብዛም አያልፍም። እነዚህ ሴቶች እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር የሚመጡት ውሃው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ነው፤ ብዙውን ጊዜ የካቲትና መጋቢት ላይ ይበረታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ በየተራ ስለሚገቡ ወቅቱ ረጅም ነው።

ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ከመጣ በኋላ ሰማዩ ጥርት ሲል ዓሣው ይደበቃል እንጂ አካባቢውን ለቆ አይሄድም። እዚያው አጠገብ ወዳለው ጥቅጥቅ ያለ ሣር ይገባል። ትናንት ጠርዙ ላይ ሲነክስ የነበረ ዓሣ ዛሬ ጠፋ ተብሎ ሌላ ሰፈር መሄድ አያስፈልግም፤ አወራወራችሁን ቀይሩ።

ጥያቄ (ከኦርላንዶ)፦ እምቦጭና ሌላ ሣር ተደራርቦ ጣሪያ የሠራበት ቦታ አለ። ማጥመጃዬ ከላይ ይቀራል። ሲገባ ደግሞ ዓሣው ይነክስና ያመልጠኛል። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ትልቁ ዓሣ ብዙ ጊዜ እዚያ ስለሚገኝ ይህን ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። እኛ ከጣና ጥፋቱን የምናውቀው እምቦጭ እዚህም ባዕድ ተክል ነው፤ ነፋስ ገፍቶ ከሌላ ሣር ጋር ሲያጠራቅመው ግን ከላይ ዝግ፣ ከታች ባዶ የሆነ ጥላ ይሠራል። ባሷ የምትቆመው በዚያ ጥላ ሥር ነው።

ዘንጉ ከ7 ጫማ ተኩል እስከ 8 ጫማ፣ "ሄቪ" ወይም "ኤክስትራ ሄቪ" የሚል ይሁን። ክሩ 65 ፓውንድ ብሬድ (የተጎነጎነ ክር)፣ ሪሉ (የክር መጠቅለያው) 7 ለ 1 ወይም ከዚያ በላይ የሚጠቀልል፣ ማለትም እጀታው አንዴ ሲዞር እርሱ 7 ጊዜ የሚዞር። ክሩ ላይ የሚገባው ማስመጫ ክብደት ከ1 እስከ 1 ተኩል ኦውንስ የሆነ ተንግስተን (ከእርሳስ የከበደ ብረት) ይሁን፤ እርሳስ ለዚያው ክብደት ይወፍራልና ጣሪያውን ለመብሳት ይቸገራል። መንጠቆው በመጠን ቁጥር 4/0 ወይም 5/0፣ ወፍራምና ቀጥ ያለ አንገት ያለው። ማጥመጃው 4 ኢንች ገደማ የሆነ፣ እግርና እጅ ያልበዛበት የፕላስቲክ ክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል የውሃ እንስሳ)። ብዙ እጅ ያለው ሣሩን ይዞ ይቀራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የጎማ ማቆሚያውን ክሩ ላይ አስገባ፤ ከዚያ ክብደቱን፤ ከዚያ መንጠቆውን በስኔል ቋጠሮ (ክሩ በመንጠቆው አንገት ላይ በሚጠመጠምበት) እሰር። ማቆሚያውን ወደ ታች ገፍተህ ክብደቱን ከማጥመጃው ጋር አጣብቀው። ይህ ከተረሳ ክብደቱ ብቻውን ወደ ታች ይወርድና ማጥመጃው ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመንጠቆው ዓይን ክፍተት ካለው ብሬዱ በዚያ ሾልኮ ሊወጣ ስለሚችል ዓይኑ በብየዳ የተዘጋ መንጠቆ ምረጥ። ጫፉን ፕላስቲኩ ውስጥ በስሱ ደብቀው፤ ገላጣ ከሆነ ሣር እንጂ ዓሣ አይዝም።

ሩቅ አትወርውር፤ ከ10 እስከ 15 ጫማ ይበቃል። ክብደቱ ሲበሳ ክር እየለቀቅህ እስከ መሬት ድረስ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ አድርግ፤ ክሩ ከተወጠረ ማጥመጃው ወዳንተ እየተንሸራተተ ይመጣና ሣር ውስጥ ይጠመዳል። መሬት ከነካ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርገው፤ ከዚያ አንዴ እስከ ጣሪያው ሥር ስበህ ለአፍታ ያዘው። ካልነከሰ አውጣና ሌላ ቀዳዳ ሞክር።

ንክሻው ሁልጊዜ ጠንካራ አይደለም። ክሩ መሬት ሳይደርስ ከቆመ፣ ወደ ጎን ከሄደ፣ ወይም ክብደቱ በድንገት ከጠፋብህ ዓሣ ነው። ያኔ ሳታመነታ ዘንጉን ወደ ላይ ምታና ሳታቋርጥ ጠቅልል። ዓሣ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጭንቅላቷ ወደ ላይ ካልዞረ የሣሩን ግንድ ትዞርና ክሩን ትጠመጥመዋለች። እንደዚያ ከሆነ በጉልበት አትጎትት፤ ክሩን ወጥሮ ይዘህ ጀልባውን ወደ እርሷ አስጠጋና በእጅ ሣሩን ፈልቅቀህ አውጣት። እጅህን ከመስደድህ በፊት ግን ዙሪያህን ቃኝ፤ ሐይቁ አዞ በሽ ነው።

ጥያቄ (ከኦርላንዶ)፦ በእንቁራሪት ቅርጽ የተሠራ የጎማ ማጥመጃ ስጠቀም ውሃው ይፈነዳል፣ ዓሣው ግን አይያዝም።

ፍንዳታውን አይተህ ስለምትመታ ነው። የዓሣው ክብደት ዘንጉ ላይ እስኪሰማህ ጠብቅ። ጎማው ውስጥ የገባውን ውሃ በየጊዜው ጨምቀህ አውጣ፤ ካልወጣ ይሰምጣል። ሁለቱን መንጠቆዎች በፒንሳ በጣም ትንሽ ወደ ውጭ ክፈታቸው።

ጥያቄ (ከሻርለት)፦ ጀማሪ ነኝ። በሕይወት ያለ ዓሣ ብጠቀም ይሻለኛል?

አዎ እህቴ፣ ትልቅ ባስ ለመያዝ ከ6 እስከ 8 ኢንች የሆነ ሻይነር (ባስ የሚበላው ብርማ ትንሽ ዓሣ) የሚስተካከለው የለም። ሁለቱንም ከንፈሩን ከታች ወደ ላይ ውጊና ተንሳፋፊውን ከመንጠቆው 2 ወይም 3 ጫማ ላይ አድርጊ። ከሣሩ ጠርዝ አጠገብ ልቀቂው፤ ሣሩ ውስጥ ከገባ ይደበቅብሻል። ተንሳፋፊው በፍጥነት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሻይነሩ ባስ ሊበላው ሲመጣ አይቷል ማለት ነው። ተንሳፋፊው ሰምጦ መሄድ ሲጀምር የላላውን ክር ሰብስቢና ወዲያው ዘንጉን ወደ ላይ ምቺ። "እስኪውጠው ጠብቂ" የሚለውን ምክር አትስሚ፤ የዋጠች ዓሣ አንጀቷ ተወግቶ ልትሞት ትችላለች። ሰርክል መንጠቆ (ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ) ከሆነ ደግሞ መምታት የለም፤ ዝም ብለሽ ጠቅልዪ። ሻይነሮቹን አየር በሚነፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዪአቸው።

ጥያቄ (ከማያሚ)፦ ጀልባ የለኝም።

ሐይቁን የከበበውን የአፈር ግድብ ተከትሎ የሚሄደው ቦይ ከሐይቁ ይልቅ ጠለቅ ያለና ከዳር የሚደረስበት ነው። የውሃ በሮቹ ተከፍተው ውሃ ሲሄድ ባስ ከወራጁ ጎን፣ ረጋ ያለው ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ካያክም (ትንሽ በመቅዘፊያ የሚነዳ ጀልባ) ጥሩ ነው፤ ግን የነፋሱን አቅጣጫ ሳታይ አትግባ። ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ ውሃውን ወደ ደቡብ ይገፋዋል፤ ጠዋት ያለፍክበት የሰሜን ረግረግ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ሊጠብቅህ ይችላል።

ጥያቄ (ከጃክሰንቪል)፦ በአሜሪካ በጋ (ሰመር) ጠዋት ሣሩ ውስጥ ምንም አይነክስም። ለምን?

ሣሩ ሌሊት ኦክስጅን አይሠራም፤ ይልቁንም ይጠቀማል። ሙቅ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ መሀሉን ተውትና ውሃ የሚንቀሳቀስበትን የውጭ ጠርዝ ሞክሩ፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ወደ ጥላው ግቡ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ አልጌ ከተጋገረ እዚያ አታጥምዱ፤ መርዛማ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከታምፓ)፦ 10 ፓውንድ ብይዝ መብላት ይፈቀዳል?

የፍሎሪዳ ጠቅላላ ሕግ በቀን 5 ባስ ይፈቅዳል፤ ከእነዚያ 16 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ መሆን የሚችለው አንዱ ብቻ ነው። ይፈቀዳል ማለት ግን ይመከራል ማለት አይደለም። ትልቅ ባስ ሜርኩሪ ያጠራቅማል፤ 10 ፓውንድ ለመድረስም 10 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። ለድስት ትንንሾቹን ውሰዱ፣ እርሷን መልሷት። የግዛቱ የዓሣና ዱር እንስሳት ኮሚሽን ከ2012 ጀምሮ "ትሮፊካች" የሚባል ፕሮግራም አለው፦ 8 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነች ባስ በሚዛን ላይ ሙሉ አካሏና ቁጥሩ እንዲነበብ ሆኖ ፎቶ አንስታችሁ በሕይወት ከለቀቃችኋት ይመዘግብላችኋል። ሚዛኑንና ስልኩን ዓሣዋን ከውሃ ሳታወጡ አዘጋጁ። እጃችሁን አርጥቡ፤ በመንጋጋዋ ብቻ አታንጠልጥሏት፤ ሌላውን እጅ ከሆዷ ሥር አድርጋችሁ ደግፉ። ለመልቀቅ ራሷ ጅራቷን መትታ እስክትሄድ ድረስ ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ያዟት።